ኋላው የሚወርደው መርሴዲስ

የደብሊው 123 ሞዴል መርሴዲስ ስቴሽን ዋገን (ኋላው ለዕቃ የተዘረጋው) ኋላው መውረድ ሲጀምር፣ እዚህ ባሕር ዳር ቶሎ የሚሰማው ምክር «ሃይድሮሊኩን አውልቀህ ጣለው፣ ወፍራም ሞላ አስገባበት» የሚል ነው። ይህን ምክር አልወደውም። ጥሩ መኪና ያበላሻል፤ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ፣ በሜትር፣ በእጅ ባትሪና በአንድ ኩንታል እህል ብቻ ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይቻላል።

ሞላ መቀየር ለምን እንደማያዋጣ ላስቀድም። ዋገኑ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1986 ብሬመን ሲመረት፣ ጭነት አይቶ ራሱን የሚያስተካክለው የኋላ ሰስፔንሽን በምርጫ የሚገባ ዕቃ አልነበረም፤ ከፋብሪካው አብሮት ነው የወጣው። የኋላ ሞላዎቹ ክብደቱን ብቻቸውን እንዲሸከሙ አልታሰቡም። ከፊሉን የሚሸከመው በሾክ አብዞርበር ቦታ የገባው ሃይድሮሊክ ሾክ ነው። በሞተሩ የሚዞር ፓምፕ ዘይቱን ወደ ከፍታ ቫልቩ ይገፋል። ቫልቩ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ከኋላው ስታብላይዘር ባር (መኪናው እንዳያጋድል ከሚይዘው ብረት) ጋር ተያይዟል። መኪናው ተጭኖ ሲወርድ ዘንጓ የቫልቩን ክንድ ታንቀሳቅሳለች፣ ዘይት ወደ ሾኮቹ ይገባል፣ ኋላው ይነሳል። ጭነቱ ሲራገፍ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ከፍታው ልክ ሲሆን ደግሞ ከፓምፑ የወጣው ዘይት ያለ ጫና ዞሮ ይመለሳል። ከወለሉ ስር ሁለት የብረት ኳሶች አሉ፤ ውስጣቸው በጎማ ሽፋን ተከፍሎ በአንዱ ወገን ናይትሮጅን፣ በሌላው ዘይት ይዟል። ዘይት አይጨመቅም፤ የጉድጓዱን ምት የሚውጠው ናይትሮጅኑ ነው።

የኋላው መድረቅና መውረድ የተለያዩ ችግሮች መሆናቸው እዚህ ላይ ይገባናል። ከፍታውን ይዞ፣ ግን በየስፒድ ብሬከሩ ኋላው የሚነጥር መኪና ኳሶቹ አልቀውበታል። ናይትሮጅኑ በጎማው ሽፋን በኩል በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያመልጣል፤ ሳይነዳ የቆመ መኪናም ከዚህ አያመልጥም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የኋላውን ፓራውልት በሁለት እጅ መጫን፤ ደህናው ትንሽ ወርዶ ይመለሳል፣ ኳሱ ያለቀበት እንደ ድንጋይ አልነቃነቅ ይላል። ይህን ችላ ብሎ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ዘጌ መመላለስ ርካሹን ብልሽት ውድ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ምት ቀጥታ በዘይቱ በኩል ወደ ሾኮቹ ፓራኦሊዮ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሾኮቹ ያፈሳሉ፣ የላይኛው ማሰሪያ ጎሚኒ ይቀደዳል። ኳሶቹ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ። የሚሞላቸው ሰው ከተገኘም የሚገባው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ኦክስጅን ዘይት ባለበት በግፊት ከገባ ይፈነዳል፤ የብየዳ ሲሊንደር ያለበት ጋራዥ ውስጥ ይህ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል።

የመውረዱ ነገር ረዘም ያለ ምርመራ ይፈልጋል። ሜዳ የሆነ አስፋልት ላይ፣ ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለክቶ መጻፍ። የመጀመሪያው ልኬት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ሁለተኛው ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ። ሦስተኛው ሞተሩ እየሠራ ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም የፎገራ ሩዝ ተጭኖ። ኩንታሉ መቶ ኪሎ መሆኑ ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ከሦስቱ ቁጥሮች ብዙ ነገር ይነበባል። ሌሊት ወርዶ ጠዋት በሞተር የሚነሳ ከሆነ ፓምፑ ደህና ነው፤ ግፊቱን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቫልቩ ውስጥ፣ ሾኮቹ ላይ ወይም ቱቦ ላይ። ሞተር እየሠራም ተጭኖ የማይነሳ ከሆነ ዘንጓን፣ ቫልቩንና ፓምፑን በዚሁ ቅደም ተከተል ማየት ነው። አንድ ጎን ብቻ ወርዶ ከሆነ ሃይድሮሊኩን ከመውቀስ በፊት የተሰበረ ሞላ ወይም ያለቀ የሞላ መቀመጫ ጎማ ይፈለግ።

ዘንጓን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጫፎቿ ላይ ያሉት ትንንሽ ቦል ጆይንቶች አቧራ መከላከያቸው ይሰነጠቃል፣ በክረምት የጭቃ ውኃ ይገባል፣ በበጋ ያው ጭቃ ደርቆ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጫቸዋል። በጣት ይዞ ሲነቀንቋት ክንዱ ሳይንቀሳቀስ ዘንጓ ብቻዋን ከተጫወተች፣ ቫልቩ መኪናው መጫኑን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ጨርሳ ወልቃ ክንዱ በሽቦ የታሰረበትም ይገኛል። ይህ በጥቂት ብር የሚስተካከል ነገር ነው፤ ስንት ደህና ፓምፕ በእሷ ምክንያት እንደተጣለ ሳስብ ይቆጨኛል።

ዘንጓ ደህና ከሆነች የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ የሚመለሰውን ዘይት ማየት። ያልተቆራረጠ ፍሰት ካለ ፓምፑ ይሠራል። አረፋ የበዛበት ከሆነ ፓምፑ በሚስብበት በኩል አየር ይገባል፤ የመሳቢያው ጎማ ቱቦና ክላምፑ ይታዩ። ከዚያ ዘንጓን ከክንዱ ነቅሎ ክንዱን በእጅ ወደ መሙያው አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፤ ፍሰቱ መቀነስና ኋላው መነሳት አለበት። ኋላው ካልተነሳ ወይ ቫልቩ ውስጡን ያሳልፋል ወይ ፓምፑ ግፊት መፍጠር አቅቶታል። ይህ ሲሠራ ማንም ሰው ገላውን ከመኪናው ስር አያስገባ፤ ክንዱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ከሄደ ኋላው ይወርዳል።

ዘይቱ እየጎደለ ከስር ጠብታ የማይታይበት ጊዜ አለ። በናፍጣው ዋገን በ300 ቲዲው ላይ ፓምፑ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ተቀምጦ የሞተሩን ቫልቮች በሚከፍተው ካምሻፍት ስለሚዞር፣ የፓምፑ ዘንግ ፓራኦሊዮ ሲያልቅ የሃይድሮሊኩ ዘይት ወደ ሞተሩ ይገባል። የሞተር ዘይት መለኪያው ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ምልክቱ እሱ ነው፤ የሞተሩም ዘይት አብሮ ይቀየራል።

ስለ ዘይቱ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የሚገባው የመርሴዲስ 343.0 ደረጃ ያለው ማዕድናዊ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይገባም፤ ጎማዎቹን አሳብጦ ከፓምፑ እስከ ሾኮቹ ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ገብቶ ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሱ አፍስሶ ማጠብ ነው። ደረጃውን የጠበቀው ዘይት በከተማው ካልተገኘ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መታገስ ይሻላል፤ ለማጠቢያም ለመሙያም 4 ሊትር ቢያዝ ጥሩ ነው።

ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ መውጣት አለበት፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከመቶ ባር ሊበልጥ ይችላል፣ በዚያ ግፊት የወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቦዲው በክሪክ ተነስቶ በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ይደገፍ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ከዚያ በቫልቩ ላይ ካለው ማስተንፈሻ ቡሎን ቀጭን ላስቲክ ወደ ጠርሙስ አግብቶ ቀስ ብሎ መክፈት። የብረት ቱቦዎቹ ቦዲውን በያዙበት ክሊፕ ስር ጭቃ ስለሚያቁሩ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ክሊፑን ነቅሎ ካላዩት አይታይም።

ተገጥሞ ሲያልቅ መኪናው በጎማዎቹ መሬት ላይ ይቁም። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቫልቩ መኪናው ከፍ ያለ መስሎት ዘይቱን ስለሚመልስ፣ ሞተሩ ቢሠራም ሾኮቹ አይሞሉም፤ በዚያው ሰዓት ማጠራቀሚያውም ሙሉ መስሎ ያታልላል። ዘይቱ የሚለካው ባዶ መኪና በጎማው ቆሞ፣ ሞተሩ ሠርቶ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ያኔ ወደ ላይኛው ምልክት ይጠጋል። ኩንታሉ ተመልሶ ሲጫን ዘይቱ ወደ ሾኮቹ ስለሄደ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይቀንሳል፤ ከታችኛው ምልክት እስካላለፈ ድረስ አይጨመርበትም።