የአባታቸውን ጎሣና ቋንቋ ለልጆቼ እንዴት ሰበሰብኩ

ባለቤቴ የምዕራብ ኬንያ ሰው ነው። ወገኖቹ አባኛላ ይባላሉ፤ ከሉህያ ሕዝብ አንዱ ክፍል ናቸው። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ቡሲያ ውስጥ፣ ፖርት ቪክቶሪያ አካባቢ ነው። እኛ ናይሮቢ ነን። ልጆቻችን ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ያቀላጥፋሉ፤ አማርኛም ከእኔ ይዘዋል። የአባኛላ ቋንቋ የሆነው ሉኛላቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም ነበር። የእኔን ቋንቋ ይዘው የአባታቸው ሲቀርባቸው ከነከነኝ።

የጀመርኩት ከጎሣ ነው። አባኛላ ዘንድ ልጅ የአባቱን ጎሣ ይወርሳል። ከራሱ ጎሣ ማግባት ነውር ነው፤ የእናቱም ጎሣ አይነካም። እኛ አገር ሰባት ቤት ቆጥሮ ላደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። እናም ሽማግሌዎቹን «ታሪካችሁን ንገሩኝ» ማለቱን ተውኩት፤ የሚመልሱልኝ ሁሉም የሚያውቀውን ነበር። «ልጄ ከእነማን ቤት ማግባት አይችልም?» ስል ግን ጨዋታው ደራ። አንዱ ጎሣ ይጠራል። ሌላው «እነሱማ በእናት በኩል ዘመዶቻችን ናቸው» ብሎ ያርመዋል። በዚያው የማን አያት ከየት እንደመጣች ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ ሴቶቹ ናቸው። ሁሉም ከሌላ ጎሣ ተድረው የመጡ ስለሆኑ የሁለት ወገን ዘር ያውቃሉ። አማቴ ደጃፏ ላይ ዓሣ እየሰነጠቀች የጎረቤቶቿን ቤት አንድ በአንድ በቢላዋዋ እየጠቆመች ከየትኛው ጎሣ እንደመጡ ነገረችኝ። ስልኬን አጠገቧ አስቀምጬ ዝም ብዬ ቀዳኋት። የዓሣውን ስም፣ የመረቡን፣ የጀልባውን ክፍሎች እግረ መንገዷን በሉኛላ ትጠራቸው ነበር። ቁጭ አድርጌ ብጠይቃት ይህን ሁሉ አላገኘውም።

ዕድሜ ላይ ስሞች ረዱኝ። ዋፉላና ናፉላ የዝናብ ጊዜ ልጆች ናቸው፤ ዋንጃላ የረሃብ ወቅት ልጅ ነው። የልደት ዓመቱ የጠፋበትን ሰው ቢያንስ ወቅቱን አገኘሁለት።

ቃላቱን ከትልቁ ልጄ ጋር እነሱ በሚጽፉበት በላቲን ፊደል ጻፍን። የቀዳሁትን ድምፅ ግን አላጠፋሁም፤ ሌሎችም እንዳያጠፉ እመክራለሁ። በሉህያ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት ትርጉም ይለያል፤ በተለመደው አጻጻፍ ግን አይታይም። ወረቀቱ ብቻ ከቀረ ልጆቹ በምን ያነቡታል?

የቀዳሁት ሁሉ ላይ የተናጋሪውን መንደር እጽፋለሁ። ካካሜጋ ውስጥ ናቫኮሎ የሚኖሩ አባኛላም አሉ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አነጋገራቸው ይለያል፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ለየብቻ ይመድቧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለሉህያ ሁሉ አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ለማበጀት ተሞክሮ ነበር፤ አልያዘም። እኔ በበኩሌ የአንዱን መንደር አነጋገር እንዳለ መያዝ ይበልጥብኛል። የንዞያ ወንዝ ሲሞላ እዚያው ቡሲያ ውስጥ ባለው ቡዳላንጊ ሰው ከቀዬው ይፈናቀላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ የመንደሩ አነጋገርም ይበተናል። ለዚህ ነው የምቸኩለው።

አሁን እሑድ እሑድ ልጆቹ ለአያታቸው ይደውላሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ስዋሂሊ የለም። ሲያቅታቸው ትጠብቃቸዋለች፣ ቃሉን ትሰጣቸዋለች፣ ደግመው ይሉላታል። ትንሿ ባለፈው የጎሣዋን ስም ከነቅድመ አያቶቿ ሳትሳሳት ጠራች። አማቴ ስልኩን ለጎረቤቶቿ ይዛ ዞረች።