የአንድ ዓመት የእንቁላል ቆጠራና የኤክሴል ቻርት፦ የኛን ወራት እንዴት እንዳስገባሁ

ትናንት ማታ ቻርቱ ተስተካከለልኝ! ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 ቀን 2017፣ የ365 ቀን የእንቁላል ቆጠራ በአንድ መስመር፣ ከሥሩ የወራቱ ስም በየቦታው። እናንተም እንደኔ እንዳትለፉ ልጻፈው።

ግቢያችን ውስጥ 38 ዶሮዎች አሉ። እናቴ ማታ ማታ የተለቀመውን ቆጥራ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ እኔ ወደ ኤክሴል እገለብጣለሁ። ቻርት ማውጣቱ ራሱ ቀላል ነው፣ ቁጥሮቹን መርጦ ኢንሰርት ውስጥ መግባት ነው። ክፍሎቹን የለመድኳቸው አንድ በአንድ እየነካሁ ነው፦ ርዕሱን፣ የታችና የጎን አክሲሱን (ቀኖቹና ቁጥሮቹ የሚጻፉባቸውን ጠርዞች)፣ ከኋላ የተሰመሩትን ግሪድላይኖች፣ የትኛው ቀለም ምን እንደሆነ የሚናገረውን ሌጀንድ። የትኛውንም ክፍል ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉት በቀኝ በኩል የራሱ ማስተካከያ ይከፈታል። መስመሩን አንዴ ክሊክ ካደረጋችሁት ሙሉው ይመረጣል፣ ትንሽ ቆይታችሁ አንዱን ነጥብ ስትደግሙት ያ ነጥብ ብቻ። እኔ ቁጥር የምጽፈው የመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ላይ ሲጻፍ መስመሩ አይታይም። አንድ መስመር ብቻ ካለ ሌጀንዱን አጥፉት፣ ርዕሱ ይበቃል። ስሪዲ የሚባለውን፣ ውፍረት ያለው አስመስሎ የሚስለውን፣ ደግሞ በፍጹም አትጠቀሙ፣ ባሩ (ቁጥሩን በቁመቱ የሚያሳየው ሳጥን) የት ቁጥር ላይ እንደቆመ አይለይም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጥር ላይ የሳምንቱን በባር ሠርቼ ለእናቴ ሳሳያት ደነገጠች፣ ዶሮዎቹ የታመሙ መስሏት። ከ36 ወደ 31 ነው የወረደው፣ ባሩ ግን ከግማሽ በታች ሆኖ ይታያል። ቁጥሮች ሲቀራረቡ ኤክሴል የጎኑን አክሲስ ከዜሮ አይጀምርም፣ የኔን 28 ላይ ጀምሮታል። አክሲሱን ከፍታችሁ ሚኒመም የሚለው ላይ 0 ጻፉ። ባር ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመር አለበት፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። መስመር ከሆነ ግን ግድ አይደለም፣ እዚያ የምናየው መውጣት መውረዱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ደብተሩ በኛ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5ን 5/2/2017 ብዬ ጻፍኩ። የኔ ኮምፒውተር ወርን ስለሚያስቀድም ሜይ 2 አድርጎ ያዘው። ጥቅምት 13 ሲደርስ ደግሞ እሱ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀመጠው። እንዲህ እንዲህ እያለ በየወሩ እስከ 12 ያሉት ቀናት የፈረንጅ ቀን ሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ጽሑፍ። ጳጉሜ 3ን ሳይቀር ማርች 13 ብሎታል። ቀን እንዲያስቀድም ብትቀይሩትም አይድንም፣ ጥቅምት 30 ስትሉት እሱ ፌብሩዋሪ 30 ፈልጎ ያጣል።

ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር። ቀን ነው ብሎ የያዘው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። እኔ ግን ልብ አላልኩም፣ ሶርት አደረግኩት፣ ማለትም በቅደም ተከተል ደርድር አልኩት፣ ቀኖቹ ከላይ ጽሑፎቹ ከታች ሆኑና መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ። ዋናውን ኮፒ አላስቀረሁም ነበር። ከደብተሩ እንደገና ስገለብጥ ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

ብዙ ሰው የሚመክረው ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሩት ነው። አልስማማም። እናቴ የምትጠይቀኝ ኅዳር ላይ ስንት ነበር፣ ሁዳዴ ሲገባ ስንት ነበር እያለች ነው፣ ቻርቱ በሷ ወር መመለስ አለበት።

ስለዚህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብዬ ሦስት ኮለም (ወደ ታች የሚወርድ ዓምድ) አደረግኩ፣ ሁሉም ተራ ቁጥር። ሶርት በሦስቱም በቅደም ተከተል ነው። የታችኛውን አክሲስ ቴክስት አክሲስ አደረግኩት፣ የተጻፈውን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲያየው። መጀመሪያ ሙሉ ቀኑን ጽፌ በየ30 ቀኑ አንድ ብቻ እንዲያሳይ አዘዝኩት፣ ወሮቻችን እኩል 30 ስለሆኑ ልክ በየወሩ 1 ላይ ዐረፈ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የ2018ን ስጨምር ግን ከጳጉሜ 1 ዘሎ መስከረም 26 ላይ ወደቀ።

መፍትሔው አራተኛ ኮለም ሆነ። በኢፍ ፎርሙላ ቀኑ 1 ከሆነ የወሩን ስም ይጽፋል፣ ካልሆነ ባዶ ይተወዋል። ከዚያ ሴሌክት ዳታ ውስጥ ገብቼ የታችኛው አክሲስ ጽሑፍ ከዚህ ኮለም እንዲመጣ አደረግኩ። ሞከርኩት፣ የወራቱ ስም ጭራሽ ጠፋ! ለካ ኤክሴል ቦታ ሲጠበው በራሱ እየዘለለ ነው የሚያሳየው፣ የዘለላቸው ውስጥ ስሞቹ ነበሩ። በሌብሎች (ከአክሲሱ ሥር በሚጻፉት ስሞች) መካከል ያለውን ርቀት ከአውቶማቲክ አውጥቼ 1 ሳደርገው ሁሉም መጡ። ትናንት ማታ የሆነው ይሄ ነው።

የወር ድምር በባር የምትሠሩ ከሆነ ጳጉሜን ተጠንቀቁ። 5 ቀን፣ በ2015 እንደነበረው ሲሆን ደግሞ 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ባሯ ወለል ላይ ትቀራለች። ድምሩን ትታችሁ የቀን አማካይ አድርጉት።

ያልጨረስኩት አለ። በጾም የእንቁላል ዋጋ ሲወርድ ከቆጠራው ጋር ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። ዋጋውን በቀኝ በኩል ሁለተኛ አክሲስ ሰጥቼው ነበር፣ መልሼ አጠፋሁት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ምንም ትርጉም የለውም፣ አንዱን አክሲስ ትንሽ ስትነኩት ቦታው ይቀየራል። አሁን ሁለት ቻርት ከላይና ከታች አድርጌያለሁ፣ ግን የጎኑ ቁጥሮች ስፋታቸው ስለሚለያይ የላዩ መስከረም ከታቹ መስከረም ጋር ልክ አልገጥም አለኝ። በእጄ እየጎተትኩ ነው የማስተካክለው። የተሻለ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።