ያገለገለ ቀላል ጄት ስገዛ ያየሁት

ሥራችን በተራራቁ ከተሞች የተበተነ ነው፤ ወደ ግማሾቹ ደግሞ ቀጥታ የመንገደኛ በረራ የለም። ቀላል ጄት (ጥቂት ሰው የሚይዝ ትንሽ ጄት አውሮፕላን) መፈለግ ከመጀመሬ በፊት ያለፉ ጉዞዎቻችንን ዘርዝሬ አየሁ። ስንት ሰው ይሳፈራል? ርቀቱስ? ማኮብኮቢያው ምን ያህል ይረዝማል፣ ከባሕር ወለልስ ምን ያህል ከፍ ይላል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ገዢ ይዘለዋል። ቦታው ከፍ ሲልና ሙቀቱ ሲበረታ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፤ ብሮሹሩ ላይ ያለው አጭር የመነሻ ርቀት እዚያ አይሠራም። ታንኩ ጢም ብሎ ከተሞላ ደግሞ በዚህ መደብ ያሉት አብዛኞቹ ክብደቱ ስለሚበዛባቸው ወንበሮቻቸውን ሁሉ ማስያዝ አይችሉም።

ምርጫው ሴስና ሳይቴሽን ማስታንግ፣ ሳይቴሽን ሲጄ1 እና ኢምብራየር ፌኖም 100 ላይ ጠበበ። አንድ ደላላ ሊርጄት 35 በሚያስጎመጅ ዋጋ አምጥቶልኝ ነበር። ፈጣን ነው፣ ሩቅም ይሄዳል፤ ግን ሁለት አብራሪ ግድ ይለዋል፣ ነዳጅም ይበላል። አውሮፕላን ሲያረጅ መሸጫው ይወርዳል እንጂ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮት አይወርድም። ተውኩት።

የወሰድኩት ሲጄ1 ነው። በአንድ አብራሪ እንዲበር የተፈቀደለት ቢሆንም ኢንሹራንሱ ሁለተኛ አብራሪ ጠየቀን፤ ስለዚህ ከመፈራረም በፊት ኢንሹራንስ ማነጋገር ይሻላል።

ገንዘቡ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው። የሲጄ1 ዊልያምስ ኤፍጄ44-1ኤ ሞተር በ3,500 ሰዓት ሙሉ እድሳት፣ በ1,750 ሰዓት ደግሞ የሙቅ ክፍል (ነዳጁ የሚነድበትና ተርባይኑ ያለበት ክፍል) ምርመራ ይፈልጋል። ሞተሩ ሁለት ነው፤ ወጪውም እጥፍ። ለዚህ ነው ብዙ ባለቤቶች በበረሩበት ሰዓት ልክ እየከፈሉ የጥገና ፕሮግራም ውስጥ የሚገቡት። ማስታወቂያው «ፕሮግራም ውስጥ ነው» ይላል፤ ክፍያው ተቋርጦ ይሁን አይሁን ግን አይናገርም። እኔ ከፕሮግራሙ አቅራቢ በቀጥታ ደብዳቤ አስጻፍኩ፦ ውዝፍ አለ ወይ? ወደ አዲስ ባለቤት ይዛወራል ወይ? ሽፋኑ ምን ምንን ይጨምራል? ያ አንድ ገጽ ከአዲስ ቀለምና ከቆዳ ወንበር ይበልጥብኛል።

ቅድመ ግዢ ምርመራውን ያሠራሁት ያንን አውሮፕላን ጠግኖ በማያውቅ ጋራዥ ነው። የራሱን ሥራ የሚመረምር መካኒክ ጉድለት ለማየት ዓይኑ ይሰንፋል። ቦሮስኮፕ (ወደ ሞተር ውስጥ የሚገባ ቀጭን መመልከቻ) አስገብተው የተርባይን ምላጮቹን አዩ፣ ወለሉን ገልጠው ዝገት ፈለጉ፣ መዝገቦቹንም ገጽ በገጽ አገላበጡ። ሞተሮቹ ደህና ነበሩ፤ የማረፊያ እግሩ የአንድ ክፍል ታሪክ ግን መሀል ላይ ይቋረጣል። ወረቀቱ ከጠፋ ዕቃው ደህና ቢመስልም ዕድሜውን ማረጋገጫ የለም። ውላችን ለበረራ ብቁነት የሚያስፈልገውን ሁሉ በሻጩ፣ የመልክ ጉዳዮችን በእኔ ላይ ስለጣለ ክፍሉን ሻጩ ቀየረው። ያ አንቀጽ ባይኖር ስንጨቃጨቅ በከረምን።

ክፍያው በሦስተኛ ወገን አደራ ሒሳብ ተቀመጠ። አውሮፕላኑ በዕዳ አለመያዙንም ከተመዘገበበት አገር መዝገብና በ2001 (እ.ኤ.አ.) የኬፕታውን ስምምነት ከተቋቋመው ዓለም አቀፍ መዝገብ አጣራን።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው፦ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ መጋዘን)፣ ኢንሹራንስ፣ የአብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠናና በቀን መቁጠሪያ የሚመጡ ምርመራዎች ብንበርም ባንበርም ይከፈላሉ። በዓመት የምንበረው ሰዓት ጥቂት ቢሆን ኖሮ እየተከራየን እንቀጥል ነበር።