የአንድ ዓመት መንገድ፦ እንጨት፣ መብራትና ርቀት

ከመድረክ ወደ መድረክ ስዞር የከረምኩበትን ዓመት ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥ ሳደርገው ስለ ዜማ የጻፍኩት ጥቂት ነው። የሚበዛው ስለ እርጥበት፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ርቀት ነው። ዘፈኑን ሁላችንም አጥንተን እንመጣለን፤ መንገድ ላይ የሚፈትነው ሌላው ነው።

አኩስቲክ ጊታር እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ ውሃ መውሰድና መልሶ መስጠቱን አይተውም። የሚስማማው አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በበረዶ ወራት በተጓዝኩባቸው ቦታዎች ጊታሩን የሚጎዳው የውጭው ብርድ ብቻ ሳይሆን የክፍሉ ማሞቂያ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ በቀላሉ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። ያኔ የጊታሩ ፊት ይሰምጣል፣ ክሮቹ በአንገቱ ላይ ወደተደረደሩት የብረት መስመሮች፣ ወደ ፍሬቶቹ፣ ይጠጋሉ፣ መንዘር ይጀምራሉ። እጄን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ሳንሸራትት የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጠጠኝ እንጨቱ ጠቦ ብረቱ ባለበት ቀርቷል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስንጥቅ ነው። ባሕር ዳርቻ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፊቱ ያብጣል፣ ክሮቹ ይርቃሉ፣ ጣት ይደክማል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ቁልፍ አንስቶ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ለማዞር ይቸኩላል። ዘንጉ የሚያስተካክለው የአንገቱን ጉብጠት እንጂ የፊቱን እብጠት አይደለም። እኔ መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መቆጣጠሪያ ከረጢት ከትቼ አንድ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ። ማዞር ግድ ከሆነም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አላልፍም፣ ክሩን እንደገና ቃኝቼ አይቼ ነው የምቀጥለው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከሳጥኑ አይወጣም። ከብርድ ሙቅ ክፍል ስንገባ ደግሞ ሳጥኑን ወዲያው መክፈት የለም፤ እንጨቱ ሳይሞቅ ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል፣ ቀለሙም ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ሁለት ሦስት ሰዓት ተዘግቶ ይቆይ።

አውሮፕላን ላይ አንገት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ሲወድቅ ነው፤ ጭንቅላቱ ባዶ ቦታ ላይ ስለሚንጠለጠል ምቱ ሁሉ እዚያች ቀጭን ቦታ ላይ ያርፋል። ከጭንቅላቱ ሥርና ግራ ቀኝ ጨርቅ ጠቅጥቆ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ክሩን ከማላላት የበለጠ ይጠቅማል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ክሩን በቅኝት አንድ ቶን (የሁለት ፍሬት ርቀት) ያህል አላላለሁ፣ ጨርሼ ግን አላወጣም። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይጫንም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ፈቃድ ያልፋል፣ ከዚያ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለ መብራት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የመሰኪያ መቀየሪያ ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀይርም። ለ120 ቮልት የተሠራ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) 230 ላይ ከተሰካ፣ ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ። አስማሚው ላይ «100–240» ተብሎ የተጻፈበት ኪቦርድ ወይም ፔዳል ግን የትም ይሠራል። ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር ስመርጥ አምፑ 200 ዋት የሚስብ ከሆነ ቢያንስ 300 የሚችለውን እይዛለሁ። ትራንስፎርመር የማይፈታው ነገርም አለ፦ ኸርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት። ሞተሩ ለ60 ኸርዝ የተሠራ የድሮ ሃሞንድ ኦርጋን 50 ኸርዝ ላይ ሲሠራ ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ቶን) ያህል ይወርዳል፤ ቮልቱን ብታስተካክልለትም ቅኝቱ አይመለስም። ተጫዋቹ የቀረውን ባንድ ይጠራጠራል።

ድምፅ ማጉያው «ሁም» የሚል ከሆነ ከመሬት የሚያገናኘውን የመሰኪያ እግር መንቀል ነውር ብቻ ሳይሆን ገዳይ ነው። ሁም የሚመጣው አምፑና ሚክሰሩ በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ሲገናኙ ነው። ሁሉንም ከአንድ የመብራት መስመር መሳብ፣ ካልበቃም ዲአይ ቦክሱ (የመሣሪያውን ሲግናል ወደ ሚክሰሩ የሚያስተላልፈው ሳጥን) ላይ ያለችውን የግራውንድ ማቋረጫ መጫን ይበቃል። እሷ የምታቋርጠው የሲግናሉን ኬብል ግራውንድ እንጂ የመብራቱን አይደለም።

ሰፊ የሜዳ መድረክ ላይ ደግሞ ጠላት ርቀት ነው። በ20 ዲግሪ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ በአንድ ሜትር 3 ሚሊሴኮንድ ያህል። ከድራመሩ 10 ሜትር የቆመ ጊታሪስት ምቱን የሚሰማው 29 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ነው። በጆሮው እየተከተለ ሲጫወት እሱም ይዘገያል፣ ድራመሩ እሱን ሲጠብቅ ዘፈኑ ይጎተታል። መድኃኒቱ መጠጋጋት ነው፤ ካልተቻለ ቤዝ ድራሙንና ስኔሩን ሞኒተር (ወደ ተጫዋቹ የዞረ ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ማስገባት። ሞኒተሩን ራሱ የምናስቀምጥበት ቦታም በማይክሮፎኑ ዓይነት ይወሰናል፦ ለካርዲዮይድ (ልክ ከኋላው ለማይሰማው) ልክ ከኋላው፣ ለሱፐርካርዲዮይድ (ከፊት ጠበብ አድርጎ ለሚሰማው) ግን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ ምክንያቱም እሱ ከኋላው ትንሽ ይሰማል። ዘፋኙ የማይኩን ራስ በመዳፉ ሲጨብጠው ይህ ሁሉ ይፈርሳል፣ ፉጨቱም ይጀምራል።

ጀንበር ስትጠልቅም ቅኝቱ ይንሸራተታል። ሲቀዘቅዝ ሳክስፎኑ ይወርዳል፤ የድምፅ ፍጥነት በየዲግሪው በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ስለሚቀንስ። የጊታሩ የብረት ክር ግን ይኮማተርና ይወጣል። የመድረኩ መብራት በሙሉ ሲበራ ክሩ ይሞቅና መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የምንቃኘው መልበሻ ክፍል ሳይሆን መብራቱ ሥር ነው፤ ሳክስፎኒስቱም ቀድሞ መሣሪያውን በትንፋሹ ያሞቃል። አዲስ ክር የማስገባው ከአንድ ቀን በፊት ነው፤ በእጄ እየሳብኩ ቅኝቱ መውረድ እስኪያቆም ሦስት አራት ጊዜ እደጋግመዋለሁ።

ጆሮን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስንደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የቀረን፤ ከሲምባል አጠገብ ይህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዘፈኖች ያልቃል። ተራ የጆሮ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ አፍኖ ሁሉን ነገር ብርድ ልብስ ሥር የገባ ያስመስለዋል፤ ለሙዚቀኛ የተሠራው ግን ሁሉንም እኩል 15 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። የምሰካው ከልምምዱ ጀምሮ ነው፤ መሃል ላይ የገባ መድፈኛ ሚዛኑን ስለሚያዛባ አምፑን ከፍ ያስደርገኛል።