ከሰል ላይ ያደረ ዳል

ኒው ዴልሂ ከገባን ሦስት ሳምንት ሊሞላን ነበር። አክስቴን ለሕክምና ነው ይዣቸው የሄድኩት። ሐኪሙ «አሁን አገርዎ መግባት ይችላሉ» ያላቸው ማክሰኞ ዕለት ነው። ከሆስፒታሉ በር ሳንርቅ «እትዬ፣ ይሄንንማ ዝም ብለን አናልፈውም። ደህና ቦታ ወስጄ ራት እጋብዝዎታለሁ» አልኳቸው።

«ረቡዕን አሳልፊና» አሉኝ።

ረቡዕን የፈሩት ወደው አይደለም። ህንድ አገር «ቬጅ» የሚባል ምግብ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ ወተትና ቅቤ ግን እንደልብ ይገባበታል። ለእኛ አገር ጾመኛ ይሄ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ ከማረፊያችን አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት «ቬጅ» ብዬ ያዘዝኩት የቆስጣ ወጥ ውስጥ ፓኒር ተገኘ። ፓኒር ወተት በሎሚ እንዲቋጠር ተደርጎ፣ ውኃው ተጨምቆ የሚሠራ አይብ ነው። እትዬ አንዷን ቁራጭ በጣታቸው ጫን አድርገው አዩዋትና ሳህኑን ቀስ ብለው ወደ እኔ ገፉት። የዚያን ዕለት ራታቸው ሙዝ ሆነ። እኔም አንጀቴን በላኝ። ታማሚ ይዤ መጥቼ ያበላሁት ሙዝ ነው።

ስለዚህ የሄድነው ሐሙስ ማታ ነው። ቡኻራ የሚባለው ምግብ ቤት የሚገኘው ኤምባሲዎች በበዙበት በቻናክያፑሪ ሰፈር፣ አይ ቲ ሲ ማውርያ ሆቴል ውስጥ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቢል ክሊንተን በልተውበታል፣ በስማቸው የሚጠራ ምግብም አለው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ካልጠየቁ በቀር ሹካና ቢላ አይቀርብም። የሚበላው በእጅ ነው። እትዬ ሹካ ይዘው ሲቸገሩ ማየት ስለማልወድ፣ ይሄን ስሰማ ሌላ ቦታ መፈለግ ተውኩ።

ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ነው የገቡት። ከላይ የመዳብ ዕቃዎች ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ወፍራም እንጨት ነው። መቀመጫውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይሄማ ዱካ ነው!» አሉ። እውነትም ዝቅ ያለ፣ መደገፊያ የሌለው ዱካ ነበር። አስተናጋጁ ዳማ ዳማ ጥለት ያለው ሽርጥ አመጣ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና አንገታቸውን ሰጡት፣ አሠረላቸው።

ማድ ቤቱ ከእኛ የሚለየው በመስታወት ብቻ ነው። እትዬ ሜኑውን ለእኔ ትተው ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ታንዱር ማለት ከሸክላ የተሠራ፣ እንደ እንስራ ሆዱ ሰፊ የሆነ ምድጃ ነው። ከሰሉ ከታች ይነዳል፤ ሥጋው ረጅም ብረት ላይ ተሰክቶ ከላይ ይገባል። ናን የሚባለው ቂጣ ደግሞ ውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ወጣቱ ጋጋሪ ሊጡን በትንሽ የጨርቅ ትራስ ላይ ዘርግቶ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጥፍ ያደርገዋል። እትዬ በእያንዳንዱ ጥፊ «እሰይ! እሰይ!» ይሉ ነበር። ስንት ዓመት ምጣድ ፊት የቆሙ ሰው ናቸው፤ የእሳት ሥራ የሚያደንቅ እንደ እሳቸው የለም።

የታንዱር ምግብ ዴልሂ ላይ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ፣ ከፔሻዋርና ከፑንጃብ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ሙያቸውን ይዘው ስለመጡ ነው። ዛሬ ዓለም «የህንድ ምግብ» ብሎ የሚያውቀው አብዛኛው የእነዚህ ሰዎች እጅ አለበት።

ዶሮው መጀመሪያ መጣ። በክሬም ታሽቶ የተጠበሰ፣ አጥንት የሌለው፣ ለስላሳ። ጥሩ ነው። ናኑ ግን ትንሽ መሶብ ይሞላ ነበር፤ ለቤተሰብ የሚሆነውን ነው ሳላውቅ ያዘዝኩት።

ከዚያ ዳል የሚባለው የጥራጥሬ ወጥ መጣ። የቤቱ ስም የቆመው በእሱ ነው ቢባል አልተጋነነም። የሚሠራው ከኡራድ ነው። ኡራድ ማሾ የምትመስል፣ ልጣጯ ጥቁር የሆነች እህል ናት። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ከላይ ነጭ ክሬም ጠብ የተደረገበት። ለዓይን ብዙም አይስብም። እትዬ ከናኑ ቆርሰው አጠቀሱና ዝም አሉ። ደግመው አጠቀሱ። ከዚያ «ምን ምን ገባበት? ጠይቂልኝ» አሉ።

አስተናጋጁ ቆጠረልን፦ ቲማቲም፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ክሬም። እትዬ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሌላ ነገር አለው በይው።» ሳቀና ሰዓቱን ነገረን። ማታ ከሰል ላይ ይጣዳል፣ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል፣ 18 ሰዓት ያህል ይፈጃል አለ።

«በይ፣ አገኘሁት» አሉኝ። «ይሄ እሳት ሲጠብቅ ያደረ ሰው ሥራ ነው።»

ለፋሲካ ዶሮ ሽንኩርቱን እንዴት እንደሚያቁላሉት ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ እሳቱን እየቀነሱ፣ ዘይት ሳይቸኩሉ፣ ማንንም ሳያስጠጉ። ያ ሁሉ ድካም አፋችን ውስጥ ለአፍታ ነው የሚቆየው። ሰው እንዲህ ሲያያቸውና ዋጋ ሲሰጣቸው ስንቴ አይቻለሁ? ይሄን እያሰብኩ ሳለ በናን ጠቅልለው አጎረሱኝ። «አንድማ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። አጠገባችን የተቀመጡ ሳሪ የለበሱ አሮጊት አይተውን ፈገግ አሉ።

መጨረሻ ላይ ፊርኒ በሸክላ ጣባ መጣ። የሩዝና የወተት ገንፎ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ሄል የሚሸት። ለእጃችን ሙቅ ውኃ ከሎሚ ጋር፣ ለአፋችን ደግሞ የእንስላል ፍሬ ከስኳር ጋር ቀረበ። እንስላሉን እትዬ በሽታው ነው የለዩት።

ሒሳቡ ከማረፊያችን የሁለት ሌሊት ኪራይ በለጠ። አልቆጨኝም፤ ለእሳቸው ግን ቁጥሩን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈር ካለ ሱቅ 2 ኪሎ ኡራድ ገዛን። እትዬ ሻንጣቸው ውስጥ፣ ከመድኃኒቱ ጎን፣ በነጠላ ጠቅልለው አስቀመጡት።

«እትዬ፣ 18 ሰዓት ማን ይጠብቀዋል?» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ማታ ነይና አብረን እናድራለን» አሉኝ።