በአሮጌ ዲቲ ሞተር በረሃ መውረድ፦ የአንድ በጋ ማስታወሻ

ጎንደር ውስጥ «በረሃ ወረደ» ሲባል ሰሃራ ገባ ማለት አይደለም። መተማ፣ አርማጭሆ ወይም ሁመራ ወርዷል ማለት ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ፣ ሊነግድ፣ አልያም ከሰው ተጣልቶ። እኔ የወረድኩት ሞተር ልለማመድ ነው። እናቴ ስትሰማ «ሥራ ፈታህ እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማስታወሻው መንገዱ ሰላም በነበረበት አንድ በጋ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የያዝኩት ነው። አሁን መሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ። የጎማና የቤንዚን ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው።

ሞተሬ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች፣ መቀመጫዋ ሁለት ቦታ የተሰፋ፣ ማርሚታዋ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ። ቱ ስትሮክ ስለሆነች ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብራ ታቃጥላለች፤ ጭሷን ጎረቤት አይወደውም። የፊት ጎማዋ ባለ 21፣ የኋላዋ ባለ 18 ነው። ይህ ለድንጋይና ለአሸዋ ጥሩ ልክ ነው። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ ከ240 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቢኤምደብሊው ይዘው በረሃ ሲያቋርጡ አይቼ ቀንቼ ነበር። አሁን አልቀናም። ዲቲ መቶ ኪሎ ገደማ ናት፤ ስትወድቅ ብቻዬን አነሣታለሁ። ያን በጋ ደግሞ ዋናው ሥራዬ ማንሣት ነበር።

ጥቅምት ላይ የጀመርኩት ከቤት ሳልርቅ፣ አዘዞ አጠገብ መገጭ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ አሸዋ ላይ ነው። ርዝመቷ አንድ የኳስ ሜዳ አይሞላም። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ ወደቅሁ። አሸዋው ውስጥ ስገባ የፊት ጎማው ወዲያና ወዲህ ይዋኛል። እኔ እደነግጣለሁ፣ መሪውን አንቄ እይዛለሁ፣ ጋዝ እለቃለሁ። ጋዝ ሲለቀቅ ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ይመጣል። የፊት ጎማው ይቀበራል። ከዚያ እኔ በመሪው ላይ አልፌ አሸዋ እቅማለሁ።

አብሮኝ የሚነዳው የአዘዞ ልጅ ዳር ቆሞ ይስቃል። ሲሰለቸው መጥቶ አንድ ነገር ነገረኝ፦ «ጎማህን አትየው። ጎማውን ካየኸው እዚያው ነው የምትወድቀው።» እውነቱን ነው። ሃያ ሜትር ወደ ፊት ማየት ስጀምር ሰውነቴ በራሱ ተስተካከለ። በመርገጫው ላይ ቆሜ፣ ጉልበቴን በታንከሩ ጥብቅ አድርጌ፣ ወገቤን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋሁ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚጎትት ጋዝ። የፊት ጎማው መዋኘቱን አልተወም። እኔ ግን ለቀቅሁት። እጄ እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው መሆን ያለበት። የፊት ፍሬን አሸዋ ላይ ፈጽሞ አይነካም። ይህን አንድ ገጽ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ ብልጥ ልሁን ብዬ የጎማውን አየር አጎደልኩ። ነገሩ ትክክል ነው፤ ጎማ ሲጎድል መሬት ላይ ይሰፋል፣ አሸዋውን አይቆርጠውም፣ ይንሳፈፋል። ግን እስከ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አወረድኩት። የእኛ ጎማ ከመነዳሪ፣ ማለትም አየር የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ ያለው ነው። አየሩ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውንም ይዞት ይዞራል። አራተኛው ዙር ላይ የቫልቩ አንገት ከሥሩ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ቁስል ደግሞ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ አይሸፍነውም፤ ከመነዳሪው ይጣላል። እስከ ጎሚስታው ገፋኋት፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ወዲህ ከ16 በታች አልወርድም፤ ድንጋይ ካለበት 20 ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ ወረድን። ከአዘዞ በአይከል አድርጎ ወደ ሸኸዲና መተማ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ። በግማሽ ቀን ጃኬት ለብሰህ ተነሥተህ ሸሚዝህን ከፍተህ ትደርሳለህ። ለሰው ደስ ይላል። ቤንዚንና አየር ለሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አንድ መካኒክ «ቤንዚን ትቆጥብልሃለች» ብሎ ትንሿን ጂግለር ገጥሞልኝ ነበር። ጂግለር ማለት ቤንዚን የሚመጠንባት የነሐስ ቀዳዳ ናት። ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሯ ምንም አላለችም። እኔም መካኒኩን አመስግኜ ሻይ ጋብዤ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንዘረጋ፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ሳለሁ፣ ድምፅዋ ቀጠነ። ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ ሆነች። ቀጥሎ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ፍሪሲዮኑን በደመ ነፍስ ሳብኩ። ያቺ አንዲት ጣት ፍሪሲዮን ላይ ባትኖር አስፋልቱ ላይ ተነጥፌ ነበር።

ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። ከግራር ሥር ገፋናትና ተቀምጠን ጠበቅን። አርባ ደቂቃ። ከቀዘቀዘች በኋላ የማስነሻ መርገጫውን ስሞክር ቀስ ብሎ ወረደ። ተመስገን። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታሁት። ጫፉ ነጭ ነው፣ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ያቺን ነጭ ጫፍ አይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ስትወርድ አየሩ ይወፍራል። ሙቀቱ መልሶ ትንሽ ቢያሳሳውም የከፍታው ነገር ያሸንፋል። አየር ሲበዛ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ካልጨመረ ሞተሯ እየተራበች ትነዳለች፣ ትግላለች። ቱ ስትሮክ ላይ ደግሞ ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ የተቀላቀለ ከሆነ ረሃቡ ድርብ ነው። አየሩን የሚቀንሰውን ቾክ በግማሽ ስቤ በዝግታ ሸኸዲ ገባሁ። በሚቀጥለው ጉዞ የፋብሪካዋን ጂግለር መለስኩ። ካንዴላው የተቆላ ቡና ቀለም ያዘ። አሁን ቆላ በወረድኩ ቁጥር ሻይ ከመጠጣቴ በፊት ካንዴላ አያለሁ። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አትነሣ።

ጥር ላይ ነው ከአስፋልት በትክክል የወጣነው። ከሸኸዲ ወዲያ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ባለቀበት ሜዳ።

እዚህ ላይ እንግዳ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በረሃ ሲባል አሸዋ ይጠብቃል። የእኛ በረሃ መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ፓራፋንጎው ሥር ገብቶ ጎማውን ያንቀዋል፤ አሥር ሜትር ሳትሄድ ሞተሯ ትቆማለች። በጋ ሲሆን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አንዳንድ ቦታ ክንድ ያስገባል። የጎማ ስፋት ያለውም አለ። ሣር ከላይ ተኝቶበት አይታይም። እኔ በሦስተኛ ማርሽ እየሄድኩ የፊት ጎማው አንዱ ውስጥ ገባና ስንጥቁን ይዞ እንደ ባቡር ነዳ። መሪውን ብጠመዝዝ አይወጣም። ስንጥቁ ሲጠብ ሞተሯ ቆመች፣ እኔ ቀጠልኩ። ትከሻዬ ለሁለት ሳምንት አልተነሣም። ጓንትና ሄልሜት ባይኖር ደግሞ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

አንድ ሽማግሌ ከብት እየነዱ መጡ። እስክንነሣ ቆመው አዩን።

«አባቴ፣ ወዲያ ማዶ በዚህ ያሳልፋል?» አልኳቸው።

«በሬ ያልፋል» አሉ። ሞተሯን በዱላቸው ነካ አደረጉ። «የዚችን ግን አላውቅላትም።»

ስቀን ውሃ አጠጣናቸው። ሊሄዱ ሲሉ ዘወር ብለው «የከብቱን ዱካ ያዝ ልጄ። ከብት እግሩን የሚሰብርበት አይሄድም» አሉኝ። ያን በጋ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ከብት ደጋግሞ የረገጠው ስንጥቅ አፈር ይሞላል፣ ይደለደላል። ዱካው ከዳር ካለው መሬት ነጣ ብሎ ይታያል። ዓይን ከለመደው ከሩቅ ይለያል። ዱካ በሌለበት ደግሞ ወርደን በእግር እንሄዳለን፤ ሃምሳ ሜትር ሄዶ መመለስ ትከሻ ከመሰበር ይሻላል። ዩቲዩብ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ሲወርዱ አይታይም። ቆርጠው አውጥተውት ይሆናል።

የከብት ዱካ አንድ ችግር አለበት። የሚወስድህ አንተ ወዳሰብከው ሳይሆን ውሃ ወዳለበት ነው። እኛንም ጓንግ ላይ ጣለን። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው፣ ዞሮ ዞሮ ዓባይን የሚቀላቀለው ወንዝ ነው። ጥር ላይ ውሃው ቀንሶ አልጋው ሰፊ አሸዋ ሆኗል። የመገጭ ልምምዴ የሚፈተንበት ቀን መጣ አልኩ።

ግማሹን እንደ ቅቤ ቆረጥኩት። ከዚያ የአዘዞው ልጅ ከኋላዬ ሲጮህ ሰማሁና ዞር አልኩ። ወድቆ ነበር። እኔም ጋዝ ለቀቅሁ፣ ቆምኩ። ልነሣ ስል ጎማው አሸዋውን ብቻ እየረጨ እስከ ቡሎኑ ተቀበረ። በተቀበረች ሞተር ላይ ጋዝ መጨመር መቃብሯን መቆፈር ነው። መላው ሌላ ነው፦ ሞተሩን አጥፍቶ በጎኗ ማስተኛት። ያኔ የኋላ ጎማው ከጉድጓዱ ይወጣል። ጉድጓዱን በእግር አሸዋ መሙላት፣ ማንሣት፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ከጎኗ እየተራመዱ ማውጣት። ስታስተኛት ግን የቤንዚን ቧንቧውን ዝጋ። እኔ ረስቼ ግማሽ ሊትር ለጓንግ አሳ ሰጠሁ።

ከወንዙ ዳር ግራሮቹ ጥሩ ጥላ ነበራቸው። እዚያው እንደር አልኩ። ጓደኛዬ እንቢ አለ። እኔ ጅብ ፈርቶ መስሎኝ ነበር፤ እሱ የፈራው ዝንብ ነው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተሰነጠቀ ዋልካና ግራር ባለበት ነው የምትኖረው። የምትናከሰውም ሲመሽ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ያለው ያለ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ለሰሊጥ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ሜዳ ላይ ስለሚያድሩ ይታመማሉ። እየመሸ ሸኸዲ ገብተን በአጎበር ተኛን። ወባውም ለብቻው በቂ ምክንያት ነው።

ሌላውን በአጭሩ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ይዘናል፣ አልተረፈም። እርጥብ ነጠላ አንገት ላይ ከማንኛውም ውድ ልብስ ይበልጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን በጨርቅ ሳታጠልል አትቅዳ፤ ሥሩ ላይ ውሃ አግኝቼበታለሁ። የአየር ፊልትሮውን ስፖንጅ በየማታው አጥቤ ዘይት እነካው ነበር። ሰንሰለቱን ግን ዘይት አላበዛሁበትም፤ አሸዋ ይይዝና እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የመጨረሻው ጉዞ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነበር፣ እስከ መተማ ዮሐንስ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ1881 ዓ.ም. እዚያው ጦርነት ላይ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ መርገጫው በጫማ ሶል ውስጥ ያቃጥላል። ከአምስት ሰዓት በፊት ጨርሰን ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ለስላሳ ስንጠጣ ዋልን። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር ማንም ሰው በረሃ ሞተር ይዞ እንዲሄድ አልመክርም።

ለሚቀጥለው በጋ ያሰብኩት ቋራ ነው። ገለጎ ድረስ፣ ከተፈቀደልንም እስከ አላጥሽ ፓርክ ጠርዝ። ለዚያ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቃ የምትይዝ መቆለፊያ ያስፈልገኛል፤ እሷ ካለች እስከ 12 ፒኤስአይ ማውረድ ይቻላል። ጎንደር ውስጥ ያልጠየቅሁት የመለዋወጫ ሱቅ የለም። ለባለ 18 ቸርኬ የምትሆን ያየ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ ይንገረኝ። ዋጋዋን አልከራከርም።