ስልኩን አስቀምጡና በመስኮት እዩ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ገብታችሁ ግድግዳውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ላይ ልብ ተስሏል፣ ደም ስሩ በቀይና በሰማያዊ ተለይቶ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ካርታ። ቀጥሎ ፔሪዮዲክ ቴብል። ብዙውን ጊዜ እነዚህን የሚስሉት እጃቸው ሥዕል የሚችል ተማሪዎች ናቸው። ሥዕሎቹ ይጠቅማሉ፣ አልቃወምም። ግን አንድ ልጅ ሥዕል መቻሉ ትዝ የሚለን ባነር ሲያስፈልግ ወይም የወላጆች ቀን ሲደርስ ብቻ ከሆነ ያሳዝነኛል። ልጁ የራሱ የሚለው ነገር አለው። እሱን የሚጠይቀው ግን የለም።

የማስተምረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው፣ የሥነ ጥበብ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ልጆቹ ክበቡን ሲቀላቀሉ መጀመሪያ የሚያወጡት ስልካቸውን ነው። ኳስ ተጫዋች፣ አንበሳ፣ የአኒሜ ዓይን ከስክሪን ላይ እያዩ ይገለብጣሉ። እጅ ለማፍታታት መጥፎ አይደለም። ችግሩ ከባዱን ሥራ ካሜራው ጨርሶላቸዋል፤ ዓለሙን ጠፍጣፋ አድርጎ አስቀምጦላቸዋል፣ ልጁ የሚቀረው መስመሩን መከተል ብቻ ነው። ስለዚህ ክበባችን ውስጥ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ እኛም ወደ መስኮቱ እንዞራለን።

በመስኮቱ የሚታየው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ብዙ ሰው «ምኑ ይሳላል?» ይላል። ፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም የራቀው ነገር አንሶ እንዲታይ አድርጎ መሳልን፣ ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም! አንድ ዓይነት ብሎኮች ተደርድረዋል፣ አንድ ዓይነት መስኮት፣ አንድ ዓይነት በረንዳ፣ እየራቁ ሲሄዱ እያነሱ። ልጆቹ እርሳሱን ክንዳቸውን ዘርግተው ይይዙና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የቅርቡን ብሎክ ከሩቁ ጋር ይለካሉ። «እንዴ፣ ይሄን ያህል ያንሳል?» ይላሉ። በየቀኑ የሚያዩት ሕንፃ ነው እኮ።

አንዴ ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች በዚሁ ተጣሉ። አንዱ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ነው የሳለው፣ ሌላዋ ከቤቷ ከ4ኛ ፎቅ ኮሪደር። «ቲቸር፣ እሷ ተሳስታለች፣ የመስኮቶቹ መስመር ወደ ላይ ይወጣል እንዴ?» አለኝ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሰቀልናቸው። ከመሬት ሆኖ ሲታይ የመስኮቶቹ መስመር እየራቀ በሄደ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል። ከፎቅ ሆኖ ሲታይ ግን ከዓይናችን በታች ያሉት መስኮቶች መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም የሚገናኙት በዓይናችን ቁመት ልክ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የቆሙበት ቦታ ነው የተለየው። ልጁ ዝም ብሎ ቆይቶ በማግስቱ ደረጃውን ወጥቶ ከእሷ ቦታ ሆኖ ሳለ።

ስለ ዕቃ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የተዘጋጀ ሸራ ውድ ነው፣ እኛ አቡጀዲ ነው የምንጠቀመው። እንጨት ላይ እንወጥረዋለን፣ ኮላ በውሃ አቅጥነን እንቀባዋለን፣ ሲደርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት እጅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። በቃ። ከሰልና ቀይ አፈርም ተወቅጠው ተነፍተው ከኮላ ጋር ጥሩ ቀለም ይወጣቸዋል። እርድ ቢጫው ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። የሰው ፊት ሲስሉ ደግሞ ሁሉም «የቆዳ ቀለም የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀይ፣ ቢጫና ትንሽ ሰማያዊ እሰጣቸውና ክንዳቸው ላይ አስጠግተው እስኪመሳሰል እንዲያዋህዱ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ የሁለት ልጆች ክንድ አንድ ዓይነት ቀለም እንደሌለው ራሳቸው ይነግሩኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን የትዝታ ሥዕሉን ነው። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ ከካዛንችስ፣ ከፒያሳ፣ ከመሀል ከተማ ተነስተው የመጡ ናቸው። ሌሎቹ እዚሁ የተወለዱ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሕንፃው የቆመበት መሬት ቤተሰቦቻቸው ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት የነበረ ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ አሁን የሌለ ቦታ ያለ ፎቶ ሳሉ። ከካዛንችስ የመጣች ልጅ የግቢያቸውን የጋራ ቧንቧ ሳለች፣ ባልዲዎቹን በወረፋ ደርድራ፣ የእያንዳንዱን ባልዲ ቀለም ከነባለቤቱ እየነገረችን። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ የአያቱን አውድማ ሳለ። በሬዎቹ ሲዞሩ፣ ጥቁሩ አፈር በክረምት ሲሰነጠቅ... አይ፣ በበጋ ነው የሚሰነጠቀው፣ እሱም «በክረምትማ ጫማ ይውጣል» ብሎ አርሞኛል። ልጅቷ ሥዕሉን አይታ «ይሄ የት ነው?» አለችው። በእርሳሱ በመስኮቱ አሳያት፤ የሷ ብሎክ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው አንድ ትልቅ አቡጀዲ ላይ መሥራት ጀመሩ፣ አውድማው ከታች፣ ብሎኩ ከላይ።

አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ የከተማ ፕላንና የሕንፃ ንድፍ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች በመሳል በዓለም የታወቀች ሠዓሊ ናት። ሥራዎቿን ሳሳያቸው ሁለቱ ልጆች ተያዩ።

ወላጆች «ሥዕል እንጀራ ይሆናል?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ እንዲህ እያለ ማን ልጁን «ሂድ ሳል» ይለዋል? ግን ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው እየተጠራ ያስተምራል። አርክቴክቸርም፣ ግራፊክስም፣ አኒሜሽንም ማየት የሚችል ዓይን ይፈልጋሉ። ይህም ባይሆን፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ውጤት አይጥልም። ወላጆችን ወደ ክፍሉ እጋብዛለሁ፣ ልጃቸው የሳለውን ቤት ሲያዩ ብዙዎቹ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

አሁን የትምህርት ቤቱን የኋላ አጥር ለትዝታ ሥዕሉ ጠይቀናል። ርዕሰ መምህሩ «መጀመሪያ ንድፉን አሳዩኝ» ብለዋል፣ ልጆቹም እየሠሩት ነው። ቤት አስቀብታችሁ ቀለም የተረፋችሁ የሰፈሩ ሰዎች፣ ግማሽ ባልዲም ቢሆን አትጣሉት። ነጭ አለን። የጎደለን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነው።